ስለ ሞተር ብስክሌት የፊት እግር መለወጥና ስለ ድጋፉ ጥንቃቄ

ሥራን ማወቅ አንድ ዕውቀት ነው፤ የሚሠራበትን ዕቃ አጽንቶ ማቆም ደግሞ ሌላ ዕውቀት ነው። ብልህ አናጢ ሳንቃውን ከመላጉ በፊት ሳንቃው የሚያርፍበትን ያበጃል፤ ባለሞያ ሴትም ድስቷን ከመጣዷ አስቀድማ ጕልቻው ይነቃነቅ እንደ ሆነ በእጇ ትሞክራለች። ይህ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው ጥንቃቄ በየግቢያችን ለገባው ለአዲሱ ዕቃ፥ ማለት ለሞተር ብስክሌት፥ ሲሆን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የሞተር ብስክሌቱን የፊት እግሮች በቤቱ ለመለወጥ ያሰበ ሰው ሞተሩን እንዴት አድርጎ ደግፎ ማቆም እንደሚገባው እንጽፋለን። ነገሩ የብረትና የዘይት ነገር ቢመስልም በእውነቱ የአባወራው እግር፥ የልጆችም ደኅንነት ነገር ነውና የቤቱ ጌታም እመቤቲቱም ቢያነቡት መልካም ነው።

የራያ ሜዳ ለሞተር ብስክሌት ምቹም አስቸጋሪም አገር ነው። ቆቦ ከተማ ከወልዲያ በስተ ሰሜን፥ ከአላማጣ በስተ ደቡብ፥ አዲስ አበባን ከመቀሌ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ትገኛለች። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ ወደ ደጋው የሚያወጣው ዳገት ቆሟል። አገሩ ሜዳ በመሆኑ ሞተር ብስክሌት ከገጠሩ ቀበሌ ወደ ከተማው ፈጥኖ ያደርሳል፤ የግብርና ባለሞያው፥ የጤና ሠራተኛው፥ መምህሩና ነጋዴው በዚሁ ይመላለሳሉ። ነገር ግን ከዋናው ጎዳና እንደ ወጡ መንገዱ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ነው። እንደ ሆርማትና እንደ ጎሊና ያሉት ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ ወርደው ወደ አፋር ቈላ ሲያልፉ አሸዋና ድንጋይ በሜዳው ላይ እየተዉ ይሄዳሉ። ሞተረኛው ይህን ድንጋይ በየጊዜው ይሻገራል፤ የመንገዱንም ምት አስቀድመው የሚቀበሉት የፊት እግሮች ናቸው።

እነዚህ የፊት እግሮች፥ መካኒኮች አሞርዛተር የሚሏቸው፥ እያንዳንዳቸው አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚንሸራተቱ ሁለት ቧንቧዎች ናቸው። በውስጣቸው ሞላና ዘይት አለ፤ ሞላው ምቱን ይቀበላል፥ ዘይቱም ሞላው መልሶ እንዳይዘልል ይገታዋል። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት የመሰለ ላስቲክ ደግሞ በመጋጠሚያቸው ላይ ይገኛል። ጭቃ በቧንቧው ላይ ደርቆ ሲቀር ይህን ላስቲክ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ከዚያም ዘይቱ መፍሰስ ይጀምራል። የብልሽቱ ምልክትም ሦስት ነው። አንደኛ፥ በቧንቧው ላይ አቧራ የለበሰ ዘይት ይታያል። ሁለተኛ፥ ፍሬን ሲያዝ የሞተሩ ፊት ድንገት ይደፋል፥ ብረት ከብረት ሲጋጭም ይሰማል። ሦስተኛ፥ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ሞተሩ ወደ አንድ ጐን ይስባል። ላስቲኩ ብቻ የተበላ እንደ ሆነ ላስቲኩን መለወጥ ይበቃል፤ ቧንቧው የጐበጠ ወይም በጥልቅ የተጫረ እንደ ሆነ ግን እግሩ ራሱ ይለወጣል። ለሁለቱም ሥራ እግሩ ከሞተሩ ላይ መውጣት አለበት፤ ጭንቁም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሞተር ብስክሌት አቋቋም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያስጨነቀ ነገር ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ የተባሉ የጀርመን ሰዎች የመጀመሪያውን በቤንዚን የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ሲሠሩ አካሉን ከእንጨት አበጁት፤ ወደ ጐን እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ መንኰራኵሮች ጨመሩበት። ዛሬ የምናውቃቸው በዘይት የሚገቱ ተንሸራታች የፊት እግሮችም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤ ኤም ቬ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1935 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሸጠው ሞተር ብስክሌት ላይ አዋላቸው። በእኛም አገር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ወታደሩም መካኒኩም በዚህ በወሎ መንገድ ሲመላለስ ቆይቶ ሲሄድ ቃሉን ትቶልን ሄደ፤ ክሪክ፥ ዳዶ፥ ፒንሳ፥ ካቻቪቴ እያልን እስከ ዛሬ የምንናገረው ከጣሊያንኛ የወሰድነውን ነው። ዕቃውንም ስሙንም ከተቀበልን ዘንድ አያያዙንም ማወቅ ይገባናል።

ስለ ሦስቱ ጕልቻ

አገራችን ቤት ለመሠረተ ሰው «ሦስት ጕልቻ መሠረተ» ትላለች። ሦስት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለት ጕልቻ ላይ ድስት አይቆምም፤ በሦስት ግን መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ጸንቶ ይቆማል። ሞተር ብስክሌትም እንዲሁ ነው። በመካከል ያለው ባለ ሁለት እግር መቆሚያው ሲወርድ ሁለቱ እግሮች ሁለት ጕልቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ጕልቻ መሬት የነካው ጎማ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ጕልቻ የትኛው ጎማ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ሞተሩ በመካከል መቆሚያው ሲቆም አንዳንዱ የኋላውን ጎማ አንሥቶ በፊተኛው ላይ ያርፋል፤ አንዳንዱም የፊቱን አንሥቶ በኋለኛው ላይ ያርፋል። በፊተኛው ጎማ ላይ የሚያርፈውን ሞተር የፊት እግሩን መፍታት ማለት የፈላ ድስት ከሥሩ አንዱን ጕልቻ መንቀል ማለት ነው፤ ፐርኖው፥ ማለት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ፥ በወጣበት ቅጽበት ሞተሩ በግንባሩ ይደፋል። በኋለኛው ጎማ ላይ የሚያርፈው ሞተር ደግሞ ፊቱ ሲቀልለው ወደ ኋላው ይደገፋልና ለጊዜው የጸና ይመስላል። ነገር ግን የጠበቀውን እግር ወደ ታች ሲስቡት ወይም በመዶሻ ሲመቱት ያ ኃይል ሞተሩን ወደ ፊት ይጐትተዋል። ስለዚህ በሁለቱም ዓይነት ከፊት በኩል ከአካሉ ሥር የሚገባ የራሱ ድጋፍ ያስፈልገዋል። የዚህ ጽሕፈት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የሚወጣው እግር ከመፈታቱ በፊት የእርሱን ቦታ የሚይዝ ሌላ እግር መተከል አለበት።

የሞተር ብስክሌት ክብደት ከመቶ ኪሎ በላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ቆሞ ሳለ አንድ ልጅ በአንድ እጁ ሊያዘንብለው ይችላል፤ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ግን ጐልማሳም አይመልሰውም። ሰውን የሚያታልለው ይኸው ነው።

ስለ ስፍራው

የራያ ጥቁር አፈር፥ ዋልካ የምንለው፥ ለማሽላና ለጤፍ የተባረከ ነው፤ ሞተር ለማቆም ግን የማይታመን ነው። በዝናብ ይለሰልሳል፥ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ጠዋት ጠንክሮ የታየው መሬት ከሰዓት በኋላ የመቆሚያውን አንዱን እግር ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ሲሚንቶ የተለሰነ ደልዳላ ወለል ያለው ሰው በዚያ ላይ ይሥራ። የሌለው ሰው ግን በአፈሩ ላይ ወፍራም ሳንቃ ያንጥፍ፤ ሳንቃውም መቆሚያውንና ከፊት የሚገባውን ድጋፍ አንድ ላይ የሚይዝ ረዥም ቢሆን ይሻላል፤ ምክንያቱም መሬቱ ቢሰጥም ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ እንጂ አንዱ ለብቻው አይሰጥምም።

ስፍራው ተዳፋት እንዳይሆን ውሃ አፍስሶ ማየት ይበቃል፤ ውሃው ወደ አንድ ወገን ፈጥኖ ከሮጠ ያ ስፍራ ይተው። ደግሞም የቈላው ፀሐይ ሠራተኛውን ያደክመዋል፥ የደከመ ሰውም ይቸኵላል፤ ስለዚህ በማለዳ ወይም በጥላ ሥር መሥራት ይመረጣል። ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት ግን አቧራው ወደ ተከፈተው ቧንቧ ይገባልና ሥራው ለሌላ ሰዓት ይቆይ።

ስለ ድጋፉ ዕቃ

ሰዎች በየግቢያቸው ለድጋፍ የሚያነሡት አስቀድሞ ዓይናቸው ያየውን ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሚያዋጣውንና የማያዋጣውን ለይተን እንጽፋለን።

የወንዝ ድንጋይ አይሆንም፤ ውሃ አንከባልሎ ያለሰለሰው ድንጋይ ከሞተሩም ሥር መንከባለሉን አይተውም። ብሎኬትም አይሆንም፤ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ከባድ ነገር በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ከላስቲክ የተሠራ የጠርሙስ ሣጥንም ከላይ ሲጫኑት የጸና ይመስላል፤ ወደ ጐን ሲገፉት ግን ይታጠፋል። ሞተርን በቤት ወጋግራ ላይ በገመድ ማንጠልጠልም ትልቅ ስሕተት ነው፤ በጭቃ ቤት ላይ ያለው ወጋግራ የተዘጋጀው ቆርቆሮ ለመሸከም እንጂ ሞተር ለመሸከም አይደለም፤ ቢሰበር ጣራውም ሞተሩም በሰው ላይ ይመጣሉ።

የሚያዋጣው የደረቀ የእንጨት ጉማጅ ነው። ከባሕር ዛፍ ግንድ የተቈረጠ፥ ላዩና ታቹ በመጋዝ የተስተካከለ፥ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሚበልጥ ጉማጅ ይዘጋጅ። ሁለት ሦስት ጠፍጣፋ ሳንቃዎችም አብረው ይቀመጡ፤ የሚቀረውን ቁመት ለመሙላት ይጠቅማሉ። ከአንድ በላይ ጉማጅ የሚደራረብ ከሆነ የላይኛው ከታችኛው ላይ እንዳይንሸራተት በምስማር ይያያዝ።

የመኪና ክሪክ ያለው ሰው ለማንሣት ይጠቀምበት፤ ለመሸከም ግን አይመነው። በዘይት ኃይል የሚሠራ ክሪክ ቀስ በቀስ ሊወርድ ይችላል፤ የሁሉም ክሪክ ራስ ጠባብ ስለ ሆነ ከሥሩ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ በክሪኩ ራስና በሞተሩ መካከል ወፍራም ሳንቃ ይግባ፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላም ጉማጁ ከጐኑ ይግባና ክብደቱ በጉማጁ ላይ ይረፍ፤ ክሪኩም ሳይወጣ ለጥንቃቄ በቦታው ይቆይ።

ድጋፉ የሚያርፍበትም ቦታ ይመረጣል። ሻንሲ የሚባለው ዋናው ብረት ከሞተሩ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ድጋፉ በእርሱ ላይ ይረፍ። ብረቱ ከሞተሩ ሥር የማያልፍ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ሳንቃ በሞተሩ ሆድ ሥር ገብቶ ክብደቱ በሰፊው ይከፋፈል። የጭስ ማውጫው ቧንቧና የሞተሩ ዘይት የሚፈስበት ብሎን ግን ከቶ መደገፊያ አይደሉም፤ አንዱ ይጨፈለቃል፥ ሁለተኛው ይሰበራል።

ለገጠር መንገድ የተሠሩት ከፍ ያሉ ሞተር ብስክሌቶች ደግሞ ብዙዎቹ የመካከል መቆሚያ የላቸውም፤ ያላቸው የጐን መቆሚያ ብቻ ነው። በጐን መቆሚያ ላይ ያዘነበለ ሞተር የፊት እግሩ ከቶ አይፈታም። ለእንዲህ ያለው ሞተር ከሞተሩ ሆድ የሚሰፋ ጠንካራ የእንጨት ሣጥን ወይም መደብ ይሠራለታል፤ ሁለት ሰዎች አንሥተው በላዩ ያስቀምጡታል፤ ከዚያም በግራና በቀኝ በገመድ ይወጠራል።

ጕልበቱን ስለ ማሰር

በራያ ግመል የሚጭን ሰው ግመሉን ካንበረከከ በኋላ ጭነቱን ከማንሣቱ በፊት የፊት እግሩን ጕልበት በገመድ ያስረዋል። ግመሉ ታዛዥ ቢሆንም ያስረዋል፤ በጭነት መካከል ድንገት ቢነሣ ጭነቱም ጫኙም እንደሚጐዱ ያውቃልና። ይህ የአገሩ ጥበብ ለሞተር ብስክሌትም በትክክል ይሠራል።

የመካከል መቆሚያው ጕልበት አለው። ሞተሩ ጥቂት ወደ ፊት ቢገፋ መቆሚያው ወደ ኋላ ይታጠፋል፥ ሞተሩም ይወርዳል። ለመንዳት ስንነሣ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ በሥራ መካከል ሲሆን ግን ጥፋት ነው። ስለዚህ የመቆሚያው እግር በጠንካራ ገመድ ወደ ፊት ተስቦ ከሻንሲው የፊት ብረት ጋር ይታሰር፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ቢነካም መቆሚያው ወደ ኋላ ሊታጠፍ አይችልም። የኋላው ጎማ መሬት የነካ እንደ ሆነ ከፊቱም ከኋላውም ሽብልቅ ይግባበት፤ ማርሹም በአንደኛው ላይ ይሁን። የኋላው ጎማ ከመሬት የተነሣ እንደ ሆነ ግን ከኋላው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ አሸዋ የሞላበት ከረጢት ቢታሰር ሞተሩ በግንባሩ እንዳይደፋ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ከረጢቱ የጉማጁ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ሁለት ገመዶች ከኋላው ብረት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተስበው በምሰሶ ወይም በጠንካራ ችካል ላይ እኩል ይወጠሩ። አንዱ ከሌላው የበለጠ ከተወጠረ ሞተሩን ወደ ራሱ ያዘነብለዋልና እኩልነቱ ይታይ። ቀደም ሲል አህያና በቅሎ የሚጫንበት የቆዳ መጫኛ በእርጥበት ስለሚለጠጥ ለዚህ ሥራ የጭነት መኪና ማሰሪያ ወይም አዲስ ወፍራም ገመድ ይሻላል።

ከላይ ተጨማሪ ገመድ ማሰር የፈለገ ሰው የመሪውን እጀታ አይሰር። እግሮቹን ከላይና ከታች የሚያቅፉት ብረቶችም የሚፈቱ ከሆነ መሪው አብሮ ይወጣልና ገመዱ ባዶ ነገር ይዞ ይቀራል። የሚታሰረው የማይፈታው ነገር፥ ማለት የሻንሲው አንገት ነው።

ከማንሣት በፊት ስለሚላሉት ብሎኖች

ብዙ ሰው ሞተሩን አስቀድሞ ያነሣና ከዚያ በኋላ የጠበቀውን ብሎን ለመፍታት ይታገላል። ይህ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ሥራ ነው። ዝገት የያዘውን ዳዶ በረዥም ቍልፍ ሲስቡት የሚስቡት ዳዶውን ብቻ አይደለም፤ ሞተሩንም ጭምር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች መሬት ነክተው፥ አንድ ረዳት መሪውን ይዞ ሳለ፥ የፐርኖው ዳዶና እግሮቹን የሚያቅፉት ብሎኖች በጥቂቱ፥ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ይላሉ። እንደ ላሉም መልሰው በቀስታ ይጥበቁ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም በትንሽ ኃይል ይፈታሉ።

እግሩን ከፍቶ ዘይቱን ወይም ላስቲኩን ለመለወጥ የሚያስብ ሰውም በእግሩ ራስ ላይ ያለውን ክዳን አስቀድሞ በዚሁ ጊዜ ያላላው፤ ይህን ከማድረጉ በፊት ግን የላይኛው ማቀፊያ ብሎን መላላት አለበት፤ አለዚያ ክዳኑ ተነክሶ ይበላሻል። በክዳኑ ሥር ያለው ሞላ ተጨምቆ የተቀመጠ ስለ ሆነ ክዳኑ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ሲደርስ ሊፈናጠር ይችላል፤ ስለዚህ ፊትን ከበላዩ ማድረግ አይገባም።

በችሎት አንድ ነገር በምስክር ይጸናል። ሞተሩ ከተነሣና ከተደገፈ በኋላም ሦስት ምስክር ሳይሰማ አንድም ብሎን አይፈታ። መጀመሪያ ሞተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በእጅ ይነቅነቅ፤ ቀጥሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋ፤ በመጨረሻም አንገቱ ወደ ታች ይጫን። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ጉማጁ ቢንሸራተት ወይም መቆሚያው ቢነሣ ወደ መሬት ወርዶ ሥራው ከመጀመሪያው ይጀመር። የማንሣቱም ልክ አይብዛ፤ የፊቱ ጎማ ከመሬት ሦስት ጣት ያህል ቢነሣ ይበቃል። ጎማው ከወጣ በኋላ እግሮቹ ወደ ታች የሚንሸራተቱበት ቦታ ጎማው ራሱ ይዞት የነበረው ባዶ ቦታ ነውና ሞተሩን ይልቅ ከፍ ማድረግ ለመውደቅ ማመቻቸት ብቻ ነው።

ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

ፍሬኑ በሽቦ የሚሠራ እንደ ሆነ ሽቦው ይፈታል። በዘይት የሚሠራ እንደ ሆነ ግን የዘይቱ ቧንቧ ሳይፈታ የፍሬኑ መያዣ ከእግሩ ይወርድና በሽቦ ከሻንሲው ላይ ይንጠልጠል፤ በቧንቧው አይንጠልጠል፤ ጎማው ከወጣ በኋላም የፍሬኑን እጀታ ማንም አይጫነው። ከዚያ ፐርኖው ወጥቶ ጎማው ይወርዳል፤ ቀጥሎ የጭቃ መከላከያው ይፈታል። ጎማው እንደ ወረደ የሦስቱ ምስክር ፈተና በቀስታ ይደገም፤ ምክንያቱም የሞተሩ ክብደት በዚህ ጊዜ ቦታውን ለውጧልና።

ከዚህ በኋላ እግሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የቧንቧው ጫፍ ከላይኛው ማቀፊያ ምን ያህል ብቅ እንዳለ አስቀድሞ ይለካ፤ አዲሱም በዚያው ልክ ይግባ፤ ሁለቱም እግሮች እኩል ካልሆኑ መሪው ቀና ብሎ አይሄድም። አንዱ እግር ወጥቶ አዲሱ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ቢወጣ የሚሠራው ሰው የልኩን ምሳሌ ከፊቱ ያገኘዋል። የጠበቀ እግር ሲገጥም በኃይል መሳብና በብረት መዶሻ መምታት አይገባም፤ የማቀፊያውን ብሎን ይበልጥ አላልቶ ቧንቧውን በእጅ ግራና ቀኝ እያዞሩ ወደ ታች መሳብ ይበቃል።

በዚህ ሥራ ሁሉ ውስጥ ማንም ሰው ከሞተሩ ሥር አይተኛ፥ እግሩንም ከሥሩ አይዘርጋ። የሚሠራው ሰው ከጐኑ በበርጩማ ተቀምጦ ይሥራ። ድንገት ሞተሩ መውደቅ ቢጀምር ለመያዝ መሞከር ከንቱ ነው፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ መልቀቅ ይገባል። የተሰበረ መብራት በገንዘብ ይገዛል፤ የተቀጠቀጠ እግር ግን በገንዘብ አይገዛም።

ስለ ቤተ ሰቡ

ግቢ የሁሉ ቤት ነው፤ ሕፃናት ይሮጡበታል፥ ዶሮዎች ይጭሩበታል፥ እናቶችም ቡና ያፈሉበታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል፤ ስለዚህ የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ማጨሻ በዚያ ቀን ከግቢው ሌላ ዳር ወይም ከቤት ውስጥ ይሁን፤ ሲጋራም በአጠገቡ አይለኰስ። ልጆች ጕልቻ እንደሚነካ ልጅ ሁሉ ጉማጁን ለመንካት ይወድዳሉና በገመድ የተከለለ ስፍራ ይደረግላቸው፤ ከልጆቹም አንዱን ጠባቂ አድርጎ ማቆም ይቻላል፤ ሥራ የተሰጠው ልጅ ተው ከተባለው ልጅ ይልቅ ይታዘዛል።

ብዙ ባለ ሥልጣኖችና የቤት ጌቶች ይህን ሥራ በራሳቸው እጅ አይሠሩትም፤ ለቤቱ ወጣት ወይም ለተቀጠረ ሠራተኛ ያዝዙታል። ያዘዘ ሰው ግን ከኀላፊነቱ አይድንም። ወጣቱ «በድንጋይ ደግፌዋለሁ፥ ይበቃል» ሲል ሰምቶ ዝም ያለ ጌታ ለሚደርሰው አደጋ ተካፋይ ነው። እመቤቲቱም ድጋፉ ሲነቃነቅ ካየች ሥራው ይቁም ለማለት ሥልጣን ይኑራት። ረዳት የሌለው ሰውም ሥራውን ብቻውን አይጀምር፤ ከጎረቤት አንድ ሰው ለመጥራት ማፈር አይገባም።

ከአሮጌው እግር የሚወጣው ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ይቀመጥ እንጂ በግቢው ወይም በመስኖው ቦይ አይፈስስ፤ አትክልቱንም ውሃውንም ያበላሻል። ዘይት የነካው እጅ የፍሬኑን ሸራ ወይም ዲስክ እንዳይነካም ይጠበቅ፤ ዘይት የነካው ፍሬን በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዝም።

መልሶ ስለ ማውረድ

አዲሶቹ እግሮች ከገቡ፥ ጎማውና ፍሬኑም በቦታቸው ከተመለሱ በኋላ ድጋፉ በገባበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይወጣል። በመጀመሪያ ክሪኩ ጥቂት አንሥቶ ጉማጁ ይወጣል፥ ከዚያ ክሪኩ በቀስታ ይወርዳል፤ የግራና የቀኝ ገመዶች የሚፈቱት የፊቱ ጎማ መሬት ከያዘ በኋላ ነው፤ የመቆሚያው ጕልበት የታሰረበት ገመድ ግን ከሁሉ በኋላ ይፈታ። ሞተሩ በሁለት ጎማው ቆሞ መሪው በሁለት ሰዎች ከተያዘ በኋላ ፊቱን ብዙ ጊዜ ወደ ታች ጨቍኖ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ እግሮቹ በፐርኖው ላይ ቀንተው የሚቀመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ዳዶዎቹም የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት ከዚህ በኋላ ነው።

ከመንዳት በፊት መሪው ከዳር እስከ ዳር ይዞር፤ ሽቦ ሲወጠር ወይም ሲጨመቅ ከታየ ይስተካከል። ፍሬኑ ደጋግሞ ይሞከር። የመጀመሪያው ጕዞ ያለ ተሳፋሪና ያለ ጭነት፥ በግቢው አጠገብ፥ በቀስታ ይሁን፤ ከዚያም ተመልሶ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በቍልፍ መሞከር ይገባል።

ሁሉ ሥራ ደግሞ የቤት ሥራ አይደለም። ሞተሩ ተጋጭቶ ሻንሲው የጐበጠ እንደ ሆነ፥ የመሪው አንገት ሲዞር የሚንገራገጭ እንደ ሆነ፥ ወይም ለድጋፉ የሚሆን ደልዳላ ስፍራና ረዳት የታጣ እንደ ሆነ ሞተሩን በመኪና ጭኖ ወደ ከተማው መካኒክ መውሰድ ብልኅነት እንጂ ስስት ማጣት ወይም ድካም አይደለም። ለመካኒክ የሚከፈለው ገንዘብ ይታወቃል፤ የአደጋ ዋጋ ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

ባለ ግመሉ የታሰረውን ጕልበት የሚፈታው ጭነቱ ከጸና በኋላ ነው፤ ይህን ሲያደርግ የሚያየው ልጁም ሳይነገረው ይማራል። ሞተር ብስክሌት ያለው አባትም ጉማጁን በትዕግሥት ሲተክል፥ ገመዱን ሲወጥር፥ ሦስቱን ምስክር ሲሰማ ከቆየ ልጁ የሚወርሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም ነው። ሞተሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃል፤ ጥንቃቄው ግን በቤቱ ይቀራል።